በግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት፦ የጎንደር ባለይዞታ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በጎንደር ከተማ ወደ አንድ ነባር ግቢ የገባ ሰው ከትልቁ ቤት ጀርባ ወይም ከአጥሩ ጥግ ተጠግቶ የቆመ ጠበብ ያለ ቤት ማየቱ አይቀርም። ስሙ ሰርቪስ ቤት ነው። ሲሠራ ለማድ ቤትና ለዕቃ ማስቀመጫ ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ትዳር የያዘ ልጅ ይገባበታል፣ ለሕክምና ከገጠር የመጡ እናት ያርፉበታል፣ ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች ይከራዩታል። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ይህን ዓይነት ቤት በአዲስ መልክ ለመሥራት ያስባል፤ ጡረተኛው በኪራዩ ኑሮውን ለመደጎም፣ ወላጅ ደግሞ ልጁን በቅርብ ለማኖር። ይህ ማብራሪያ ለእነሱ የተጻፈ ነው።

ስለ ሰርቪስ ቤት የሚደረገው ምክክር ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሲሚንቶና ከብሎኬት ዋጋ ነው። ግንበኛ ይጠራል፣ ቦታው በእርምጃ ይለካል፣ የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ይቆጠራል፤ የፈቃድ ነገር የሚነሣው መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ፣ አንዳንዴም ደንብ አስከባሪ በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ሰርቪስ ቤቱ ይቻላል ወይስ አይቻልም ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት ሁለት ሰነዶች ናቸው፤ አንደኛው የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ፣ ሁለተኛው በዚያ ሰፈር ላይ የጸደቀው የከተማ ፕላን። ግንበኛ ምንም ያህል ሥራውን የሚያውቅ ቢሆን ከእነዚህ ውጭ ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

"በገዛ ግቢዬ ማን ይከለክለኛል?" የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሲሆን፣ ግለሰቡ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረት ላይ ግን ሙሉ መብት አለው። ስለዚህ ቤቱ የሠራው ሰው ንብረት ነው። መሬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ ምን ያህሉ በቤት እንደሚሸፈን፣ ቤቱ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወሰነው ግን በከተማው ፕላን ነው።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች ለሰርቪስ ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሲልኩ የሚኖሩበትን አገር ልምድም አብረው ይልካሉ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ለምሳሌ፣ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ለሚጨመር ሁለተኛ መኖሪያ ራሱን የቻለ ሕግ አለ፤ ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ ከተማው በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያስገድዳል፣ ከጎንና ከኋላ ወሰን ከ4 ጫማ የበለጠ ርቀት እንዳይጠይቅም ይገድባል። በእኛ አገር ለሰርቪስ ቤት ብቻ የወጣ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ሰርቪስ ቤት የሚታየው እንደማንኛውም ሕንፃ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን የተደነገገው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃ የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ ለመኖሪያ፣ ለቢሮ፣ ለፋብሪካ ወይም ለሌላ አገልግሎት የሚውል ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ ግንባታ ሕንፃ እንደሆነ ይገልጻል። ከዚህ ትርጓሜ ውስጥ ጊዜያዊ የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። "ቆርቆሮ ናት እኮ፣ ነገ ትነሣለች" ማለት ከፈቃድ ነፃ አያወጣም። አዋጅም፣ ደንብም፣ መመሪያም በየጊዜው የሚሻሻሉ በመሆናቸው፣ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው በዚያ ቀን የሚሠራበትን መመሪያ ከፈቃድ ሰጪው ክፍል ጠይቆ ማየት ይኖርበታል።

ካርታውና ግቢው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ

የጎንደር ነባር ግቢዎች ነገር የተወሳሰበበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት እንዲኖረው፣ ለቤት መሥሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ቤት ማከራየትንም ከግለሰብ እጅ አወጣ። በአንድ ግቢ ውስጥ የነበሩ ሁለትና ሦስት ቤቶች ዕጣ በዚህ ተለያየ። አንደኛው ለባለቤቱ ቀረ፣ ሌላው የቀበሌ ቤት ሆኖ ለተከራይ ተሰጠ። ግቢው፣ የውኃ መስመሩና ሽንት ቤቱ ግን እንደ ድሮው የጋራ ሆነው ቆዩ። በከተማው ነባር ሰፈሮች ውስጥ እስከ ዛሬ በአንድ በር የሚገቡ፣ በይዞታ ግን የተለያዩ ቤቶች የሚገኙት ከዚህ የተነሣ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በተግባር የአንድ ቤተሰብ ሆኖ የኖረ የግቢ ጥግ በካርታው ላይ የቤተሰቡ ይዞታ ሆኖ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካርታውን አውጥቶ ግቢውን በሜትር መለካት ነው። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት፣ የአራቱ ማዕዘናት መለያ ቁጥሮች፣ አዋሳኞቹና የቦታው አገልግሎት ይታያሉ፤ ከዚያም አጥሩ በእርግጥ በካርታው መስመር ላይ የቆመ መሆኑ ይጣራል። ብዙ ጊዜ አጥርና ካርታ አይገጥሙም። የእንጨት አጥር ሲበሰብስና በአዲስ ሲተካ፣ የቆርቆሮ አጥር በግንብ ሲለወጥ፣ በየጊዜው አንድ ስንዝር ወዲህ፣ አንድ ስንዝር ወዲያ ይሄዳል። ሰርቪስ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ወሰኑን ታክኮ ነው። በትልቁ ቤት ላይ ምንም ለውጥ የማያመጣ የግማሽ ሜትር ስህተት ለሰርቪስ ቤቱ የመኖርና የመፍረስ ጉዳይ ይሆናል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታዎች በማረጋገጥ ሂደት ወሰናቸው ተለክቶ እንዲመዘገቡ ስለሚያደርግ፣ ቀያሽ መጥቶ ችካል ባስቀመጠበት ሰፈር ያለ ሰው በአሮጌው አጥር መተማመኑን ትቶ ችካሉን መከተል አለበት።

ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ የሚለውም መታየት አለበት። የሊዝ ቦታ ከሆነ ውሉ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዓይነትና የግንባታ ግዴታ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ባለይዞታውን ያስገድደዋል፤ ለመኖሪያ በተሰጠ ቦታ ላይ ሱቅ ያለው ሰርቪስ መሥራት ከፈለገ አስቀድሞ የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ይፈርማል የሚለው ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ ግቢው ውስጥ የሚኖረው ልጅ ብቻውን አመልካች ሊሆን አይችልም፤ ውርሱ ተጣርቶ ስሙ መዛወር ወይም ወራሾቹ ሁሉ መስማማት አለባቸው። የጋራ ንብረት ከሆነ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤቱ ለባንክ ብድር ተይዞ ከሆነም ባንኩ እንዲያውቀው ማድረግ ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ ሲለያይበት ያየሁት ነጥብ ነው። ልጅ በወላጁ ግቢ ውስጥ በራሱ ገንዘብ ሰርቪስ ቤት ይሠራል፤ ሁሉም በደስታ ይመርቁታል፤ ወረቀት ግን የለም። ወላጅ ሲያልፉ ሌሎቹ ልጆች ቤቱን የውርሱ አካል አድርገው ያዩታል፣ የሠራው ደግሞ የራሱ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም በልባቸው እውነት ይዘዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በቤተሰብ መካከል ወረቀት መጠየቅ አለመተማመን መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ወላጅ በሕይወት እያሉ፣ ሁሉም ልጆች ተሰብስበው፣ ማን በምን ገንዘብ እንደሠራና ቤቱ ወደፊት የማን እንደሚሆን የሚገልጽ ሰነድ መፈራረም ለወንድማማቾች ፍቅር የሚበጅ እንደሆነ አምናለሁ።

ፕላን ስምምነት

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ደረጃ ያላቸውን ፕላኖች ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ መልክ ያሳያል፤ የትኛው ሰፈር ለመኖሪያ፣ የትኛው ለንግድ፣ የትኛው ለአረንጓዴ ቦታ እንደተመደበ፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ወደ ሰፈር ወርዶ የሕንፃውን ከፍታ፣ የመንገዱን ስፋትና የቦታውን አጠቃቀም ይዘረዝራል። ባለይዞታው እነዚህን ፕላኖች ራሱ እንዲያነብ አይጠበቅም፤ ፕላን ስምምነት የሚባለውን ጽሑፍ ጠይቆ ያወጣል። ይህም በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከተማው በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ነው። ንድፍ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ለንድፍ ከፍሎ ኋላ ፕላን ስምምነት የሚጠይቅ ሰው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል።

አንድ ዘመዴ ይህን ቅደም ተከተል ባለመከተሉ ከባድ ዋጋ ከፍሏል። በግቢው በስተኋላ፣ ማንም የማይረግጠው ሣር የበቀለበት ጥግ ላይ፣ ሁለት ክፍል ያለው የብሎኬት ሰርቪስ ጀመረ። ጣሪያ ሊመታ ሲል በፕላኑ ላይ 8 ሜትር ስፋት ያለው የመንደር መንገድ በዚያው ጥግ እንደሚያልፍ ተነገረው። መንገዱ በዓይን አይታይም፤ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ግድግዳው ሲፈርስ ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ያልተሰበረውን ወደ ጎን ይደረድር ነበር። ከደረደረው ውስጥ ለሌላ ሥራ የዋለው ከግማሽ አይበልጥም። ፕላን ስምምነት አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ መንገዱ በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር። በዚህ ረገድ መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ነዋሪው ፕላኑን በቀላሉ የሚያይበት ሰሌዳ በየክፍለ ከተማው ቢለጠፍ ብዙ ቤት ከመፍረስ፣ ብዙ ቤተሰብም ከዕዳ ይድናል።

በጎንደር በተለይ ወንዝ ዳር ያለ ይዞታ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀሃና አንገረብ ከተማውን በሁለት ጎን ይዘው ይወርዳሉ፤ ወደ እነሱ የሚገቡ፣ በበጋ ደርቀው በክረምት የሚያጓሩ ትናንሽ ፈፋዎችም በየሰፈሩ አሉ። በየካቲት ሜዳ የመሰለ ቦታ በነሐሴ የጎርፍ መንገድ ሊሆን ይችላል። የወንዝ ዳርቻ በፕላን ለጥበቃ የሚተው በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ሰርቪስ ለመሥራት ፕላን ስምምነት ማግኘት ይከብዳል፤ መከልከሉም ተገቢ ነው።

ፕላን ስምምነቱ ከያዛቸው ነገሮች ሁሉ ለሰርቪስ ቤት ወሳኙ የሽፋን መጠን ነው። ይህም ከቦታው ስፋት ውስጥ ምን ያህሉ በቤት ሊሸፈን እንደሚችል የሚናገር ነው፤ ባለሙያዎች ቢ.ኤ.አር. ይሉታል። መጠኑ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል ብቻ ቦታው 200 ካሬ ሜትር፣ የተፈቀደው ሽፋን ደግሞ 50 በመቶ ነው እንበል። ስለዚህ በቤት ሊሸፈን የሚችለው 100 ካሬ ሜትር ነው። ትልቁ ቤት 9 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ 72 ካሬ ይይዛል፤ አሮጌው ማድ ቤትና ሽንት ቤት 12 ካሬ ቢይዙ ድምሩ 84 ይሆናል። የቀረው 16 ካሬ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ያሰበው ግን 4 ሜትር በ6 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ የሆነ ሰርቪስ ነው። በዓይን ሲታይ ግቢው ሰፊ ነው፤ በስሌት ግን 8 ካሬ ይጎድላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል ወይም ደብቆ ለመሥራት ይነሣል። መፍትሔው ግን በግቢው ውስጥ አለ። አሮጌው ማድ ቤትና ሽንት ቤት ፈርሰው በአዲሱ ሰርቪስ ውስጥ ቢካተቱ የሚቀረው 28 ካሬ ስለሚሆን የታሰበው 24 ካሬ ይበቃል። ጥሩ የንድፍ ባለሙያ የሚለየው እንዲህ ያለውን በማየቱ ነው።

ከሽፋኑ ቀጥሎ ርቀት ይመጣል። ፕላን ስምምነቱ ቤቱ ከመንገድ መስመርና ከአዋሳኝ ወሰን ምን ያህል ሜትር መራቅ እንዳለበት ይገልጻል። መስኮት ያለው ግድግዳና መስኮት የሌለው ግድግዳ እኩል አይታዩም። ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት የሰውን ጓዳ ስለሚያይ ርቀት ይጠየቅበታል፤ ወሰን ታክኮ የሚቆም ግድግዳ ድፍን መሆን አለበት። ስለዚህ በጠባብ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ወደ ራሱ ግቢ ማዞሩ ይመረጣል። ብርሃኑ ቢያንስም ከክርክር ያድናል።

በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ለሚኖሩ

ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ምዝገባው ቤተ መንግሥቶቹ ያሉበትን የግንብ አጥር ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የፋሲለደስ መዋኛ፣ የቁስቋም ግቢና ደብረ ብርሃን ሥላሴም የዚሁ ምዝገባ አካል ናቸው። ከእነዚህ ሥፍራዎች አጠገብ ይዞታ ያለው ሰው ሰርቪስ ለመሥራት ሲያስብ ከፕላን ስምምነቱ ጋር ቅርስን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስተያየት መጠየቅ ይኖርበታል። የሚታየው ከፍታው ብቻ አይደለም። የጣሪያው ቀለም፣ የግድግዳው መልክና ከቅርሱ በኩል የሚኖረው እይታም ይታያል። ከሩቅ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮ በጥቁር ድንጋይና በኖራ ከታነፀ ግንብ ጎን ሲቆም ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል።

ቁፋሮውም የራሱ ጉዳይ አለው። ጎንደር ከፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ሰው ሳይለየው የኖረ ከተማ በመሆኑ፣ በመሠረት ቁፋሮ ጊዜ የተጠረበ ድንጋይ፣ በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ ወይም የሸክላ ስባሪ ቢወጣ የሚያስደንቅ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሥራው ይቆምብኛል ብሎ መልሶ የሚቀብር ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግን የሚቀበረው የራሱ የከተማ ታሪክ ነው። ለጥቂት ቀናት መታገሥ ለዚህ ከተማ ልጅ የሚከብድ አይመስለኝም።

ምድቡና ፈቃዱ

የሕንፃ አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ይመድባል። ምድብ "ሀ" በሁለት ተሸካሚ አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ደርብ ሕንፃን፣ እንዲሁም ከሁለት ደርብ በታች የሆነ መኖሪያ ቤትን ያጠቃልላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ደርብ ያለው ወይም ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጠው ወደ ምድብ "ለ" ይገባል፤ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ምድብ "ሐ" ነው። በመሬት ላይ የሚሠራ ተራ ሰርቪስ ቤት በምድብ "ሀ" ውስጥ ይወድቃል። የሚጠየቀው ሰነድም ከሌሎቹ ያነሰና የቀለለ ነው። ቦታ ስለጠበበ ወደ ላይ መሄድ ያሰበ ሰው ግን ምድቡ ሊለወጥ እንደሚችል፣ በዚያም የስትራክቸር ንድፍና የተመዘገበ ባለሙያ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይወቅ። አሮጌ ሰርቪስ ቤት ላይ ደርብ መጨመር ከሁሉ የከፋ ሐሳብ ነው። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ እንዲሸከም የተጣለ መሠረት ሁለተኛ ወለልና ሰዎችን እንዲሸከም ሲደረግ፣ ስንጥቁ የሚመጣው ተከራዮቹ ከገቡ በኋላ ነው።

ማመልከቻው የሚቀርበው የሕንፃ ሹም ለሚባለው ኃላፊ ነው። ከማመልከቻው ጋር የይዞታ ማረጋገጫው፣ ፕላን ስምምነቱና ንድፉ ይያያዛሉ። በንድፉ ውስጥ ሳይት ፕላኑ፣ ማለትም በግቢው ውስጥ ነባሮቹ ቤቶችና አዲሱ ቤት በየት በየት እንደሚያርፉ ከነርቀታቸው የሚያሳየው ገጽ፣ ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ መሠራት ያለበት ነው። አንዳንድ ሰው በንድፉ ላይ ነባሩን ማድ ቤት ሳያሳይ ይቀራል፤ ሽፋኑ ያነሰ እንዲመስል። ባለሙያ መጥቶ ግቢውን ሲያይ ይህ ወዲያው ይገለጣል፣ ጉዳዩም ከመዘግየት አልፎ እምነት ያሳጣል።

ሹሙ ማመልከቻውን ሊፈቅድ፣ እንዲስተካከል ሊመልስ ወይም ሊከለክል ይችላል። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ አመልካቹም ይህን ጽሑፍ ሳይቀበል ከቢሮው መውጣት የለበትም። በቃል የተነገረ "አይሆንም" ይግባኝ አይባልበትም። በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ላይ ቅር የተሰኘ ሰው አዋጁ ወዳቋቋመው ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ሊሄድ ይችላል፤ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ ሳይዘገይ ማመልከት ይኖርበታል። ፈቃዱም የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ፈቃድ አውጥቶ ገንዘብ እስኪገኝ ለዓመታት ማስቀመጥ አይሠራም፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚወጣው ቢያንስ መሠረቱንና ግድግዳውን የሚያቆም ገንዘብ ሲዘጋጅ ቢሆን ይሻላል።

ውኃው ወዴት ይሄዳል?

በፈቃድ ወረቀት ላይ በአጭሩ የሚጠቀስ፣ በኑሮ ግን ረጅሙን ጠብ የሚያመጣ ነገር ቢኖር የጣሪያ ውኃ ነው። ጎንደር ተዳፋት ከተማ ናት፤ የላይኛው ግቢ ውኃ በታችኛው ግቢ ያልፋል። በ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 900 ሊትር ውኃ ነው፤ አራት በርሜል ተኩል ማለት ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። አንድ ክረምት ያየሁት ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። አዲሱ ሰርቪስ ቤት አሸንዳ አልተደረገለትም፤ የጣሪያው ጫፍ ከአጥሩ በላይ አልፎ ወደ ጎረቤት ግቢ ያዘነብላል። እዚያ ያሉት ባልቴት ቤታቸው ጭቃ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የግድግዳው ምርጊት እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነሥቶ ወደቀ፣ ጭቃው ውስጥ የነበረው ጭድ ታየ፣ ቀጥሎም የግድግዳው እንጨት። እናቲቱ በላስቲክ ሸፈኑት፤ ከግድግዳው ሥር በሳህን ውኃ ሲጨልፉ አየኋቸው። አሸንዳና አንድ ትቦ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ስለዚህ ሰርቪስ ቤት የሚሠራ ሰው የጣሪያውን ተዳፋት ወደ ራሱ ግቢ ያድርግ፣ አሸንዳ ያስገባ፣ ውኃውንም በቦይ ወይም በትቦ ወደ መንገድ ማፋሰሻ ያድርስ። በርሜል ቢያስቀምጥበት ደግሞ የቧንቧ ውኃ በሚጠፋበት ቀን ይጠቅመዋል። የሽንት ቤት ጉድጓድም እንዲሁ ነው። በአንድ ጉድጓድ ላይ አራት ቤተሰብ ሲጨመር ይሞላል፤ ከጎረቤት መሠረት ወይም ከውኃ ጉድጓድ ተጠግቶ መቆፈርም የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከመጠን ባለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ጩኸት እንዳያውክ ይከለክላል፤ ማድ ቤት ያለው ሰርቪስ በጎረቤት መስኮት ሥር የሚያቆም ሰው ይህን ያስታውስ።

አፈሩም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በአዘዞ በኩል ባለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር ይበዛል፤ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ሰርቪስ ቤት ትንሽ ስለሆነ መሠረቱም ትንሽ ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም፤ ቀላል ቤት እንዲያውም በሚያብጥ አፈር ይበልጥ ይነሣል። ዋልካው ተዝቆ ወጥቶ በጥሩ ሙሊት መተካት ወይም መሠረቱ ከሥሩ ወዳለው ጠንካራ አፈር መውረድ አለበት። በከተማው ኮረብታማ ሰፈሮች ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ቦታ ለማስተካከል ተዳፋቱ ሲቆረጥ የላይኛው ጎረቤት አጥርና ቤት ድጋፍ ያጣል። የሕንፃ አዋጁ ቁፋሮ የሌላውን ንብረት ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ መከላከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ በተግባርም ድጋፍ ግንቡ ከክረምት በፊት ማለቅ አለበት ማለት ነው። በግንቦት መጨረሻ ተዳፋት የሚቆርጥ ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ቤት ለዝናቡ ይተዋል።

ያለፈቃድ ተሠርቶ ያለ ሰርቪስ

ሰርቪሱ ከዓመታት በፊት ያለፈቃድ ተሠርቶ ከሆነ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት አለ። ዝም ብሎ መቀመጥ ችግሩን አያጠፋም፤ ቤቱ በሚሸጥበት፣ በሚወረስበት ወይም ለብድር በሚያዝበት ቀን በካርታው ላይ የሌለ ቤት ሆኖ ይገኛል። ቦታው ለልማት ሲፈለግም ካሳ የሚሰላው በሕግ አግባብ ለተሠራ ንብረት ነው፤ ፈቃድ የሌለው ቤት ባለቤት እጁ ባዶ ሊቀር ይችላል። ያለውን ቤት በትክክል አስለክቶ፣ ከፕላኑ ጋር አስተያይቶ፣ የሚስማማ ከሆነ ሕጋዊ እንዲሆን ማመልከት፣ የማይስማማው ክፍል ካለም የትኛው ግድግዳ ቢነሣ እንደሚስማማ መጠየቅ ይቻላል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በተከራየው ቤት ግቢ ላይ ያለ አከራዩ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰርቪስ መጨመር መብት አይሰጠውም።

ቤቱ ሲያልቅና ሲከራይ

ለኪራይ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ "ለ" ሥር የሚወድቅ ሲሆን፣ ክልሎችም በዚሁ መንገድ ግብሩን ይሰበስባሉ፤ ስለዚህ ሰርቪሱ ገቢ ሲጀምር ማሳወቅ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቤተሰቡ ከሁለት ዓመት በፊት ሰርቪሱን ለራሱ የሚፈልገው ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጁ ሊያገባ ቀኑ ከተቃረበ፣ ማከራየት አለማከራየቱን ከመጀመሪያው ማሰብ ይኖርበታል።

ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜ የፈቃዱ ቅጂ በሥራው ቦታ ይቀመጥ፤ ባለሙያ ለቁጥጥር ሲመጣ እዚያው ይፈልገዋል። መሠረቱ ተቆፍሮ ከመሞላቱ በፊት ሹሙ ወይም ወኪሉ እንዲያየው ማድረግ፣ ያየውንም በጽሑፍ ማስያዝ ከሁሉ ይጠቅማል፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አይቶ ሊመሰክርለት አይችልም። ቤቱ አልቆ ቀለም ሲቀባ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አንድ ጉዞ ግን ይቀራል። ባለይዞታው ካርታውን ይዞ ተመልሶ አዲሱ ቤት በይዞታው ፋይል ውስጥ ከነስፋቱ እንዲመዘገብ ማድረግ አለበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርቪሱ በግቢው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀቱም ላይ ይኖራል።